የ1,900 ብር ክፈፍ ከአንድ ኪሎ ሂትሲንክ ስር

መጀመሪያ ውጤቱን ልናገርና ሥራ ያለበት ሰው ይሂድ። ለኢንቴል ኤልጂኤ1700 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ነው) የሚሆን ኮንታክት ፍሬም፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ዙሪያውን የሚይዝ የአሉሚኒየም ክፈፍ፣ በ1,900 ብር አስመጥቼ ገጠምኩ። ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ወረደልኝ። ጎበዝ ዕቃ ነው። ግን እኔ ለሙቀት አልነበረም የገዛሁት። ከባዱ ሂትሲንክ፣ ማለትም ከላይ ተቀምጦ ሙቀቱን የሚያወጣው ብረት፣ ፕሮሰሰሬን እንዳይሰብርብኝ ብዬ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጠብ ያለልኝ ነገር የለም። ጊዜ ያለው ይከተለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ደሴ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ጥር ሲገባ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም፣ አንዱ ሙሽራ ሳይጨርስ ሌላው ይደውላል። አሮጌው ኮምፒውተሬ ሲያቃስት ከርሞ ስላስመረረኝ አምና አንድ ጠንከር ያለ ማሽን አዲስ አበባ አስገጣጠምኩ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ7 12700ኬ ነው፣ 12 ኮር ያለው፣ ሥራ ሲበዛበት እስከ 190 ዋት የሚበላ። ይህን የሚያህል እሳት በትንሽ ፋን አይበርድም። ስለዚህ ሁለት ማማ ያለው፣ ስድስት የመዳብ ቱቦ የሚያልፍበት ትልቅ ሂትሲንክ ተደረገለት። በኋላ ሳወርደው ከሥራ ቦታዬ ስር ያለችው በርበሬ ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀምጬው 1 ኪሎ ከ100 ግራም መጣ። «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ብረት ነው?» አለችኝ። ኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ነው ስላት ሳቀች።

የገጠመው ሱቅ (ስሙን ተዉት) ሂትሲንኩን እንደተገጠመ፣ ኬዙን ቀጥ አድርጎ አቁሞ፣ ካርቶን ውስጥ ከቶ በመኪና ላከልኝ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣርማበርን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴን፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ መጨረሻ ላይ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ይወጣል። ኬዙ ሲቆም ማዘርቦርዱም እንደ ግድግዳ ይቆማል፣ ያ 1 ኪሎ ብረት ደግሞ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ መደርደሪያ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ እያንዳንዱን ጉድጓድ ይቆጥራል።

ደሴ ደርሶ ከፈትኩት። ሂትሲንኩ አጎንብሷል። በጣም አይደለም፣ አንድ ጣት ያህል። ከሁለቱ ማጥበቂያ ብሎኖች አንዱ ሊወልቅ ደርሶ በጥርሱ ጫፍ ነው የያዘው። ካበራሁት በኋላ ያቀናበርኩትን ቪዲዮ ወደ ፋይል ማውጣት ስጀምር ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ 100 ዲግሪ ገባ። ይህ ፕሮሰሰር 100 ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዘመናዊው ፕሮሰሰር ራሱን ያድናል፣ ደግነቱ ያ ነው። እኔ ግን የድሮው ፍርሃት ተነሳብኝ።

የድሮው ፍርሃት እንዲህ ነው። በ1997 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ አራዳ አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ካሉን ማሽኖች ሁለቱ አትሎን የሚባለው የኤኤምዲ ኩባንያ ፕሮሰሰር ያላቸው ነበሩ። የዚያን ጊዜ አትሎን ያላየ ሰው አይገባውም፦ ዛሬ ፕሮሰሰር ላይ የምታዩት የብረት ክዳን የለውም። መሃሉ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል የሲሊኮን ቺፕ ራቁቷን ጉብ ብላለች። አራቱ ማዕዘን ላይ አራት ክብ ለስላሳ ጎማዎች አሉ፣ ሂትሲንኩ እንዳያዘነብል ተብሎ የተደረጉ። ነገር ግን ጎማ ጎማ ነው፣ ሲጫኑት ይሟሽሻል። ሂትሲንኩን የሚይዘው ደግሞ ጠንካራ የብረት ክሊፕ ነው። ካቻቢቴ አስገብተህ በሙሉ ጉልበትህ ወደታች ገፍተህ የሶኬቱ ጥርስ ላይ ታስይዘዋለህ። በዚያች ቅጽበት ብረቱ ትንሽ ካዘነበለ ጭነቱ በሙሉ በቺፑ አንድ ማዕዘን ላይ ያርፋል። ቀጭ ትላለች። ድምፁን አንድ ጊዜ ከሰማኸው አትረሳውም። ካቻቢቴው ካመለጠህ ደግሞ ማዘርቦርዱን ትበሳዋለህ።

ኤኤምዲ ራሱ ለዚያ ሶኬት ከ300 ግራም የበለጠ ሂትሲንክ አትስቀሉ ብሎ ነበር። ማን ሰምቶ! ሰው ከዚያ በላይ የሚመዝን መዳብ ይሰቅል ነበር። ስለዚህ ሺም የሚባል ነገር መጣ። ሺም ማለት የሚወላገድ ጠረጴዛ እግር ስር እንደምናስገባት ስንጥር ያለ ነው። ለአትሎን የሚሆነው ቀጭን የመዳብ ሰሌዳ ሆኖ መሃሉ ለቺፑ ተቀዷል። ቺፑን ዙሪያውን ይከባል፣ ሂትሲንኩ ሲያዘነብል የቺፑ ማዕዘን ላይ ከመውደቁ በፊት ሰሌዳው ላይ ያርፋል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ችግሩ ውፍረቱ ነው። ሰሌዳው ከቺፑ በፀጉር ታህል ማነስ አለበት። በፀጉር ታህል ከበለጠ ሂትሲንኩ ሰሌዳው ላይ ተቀምጦ ቺፑን አይነካም።

እኛ ደሴ ላይ ሺም ከየት እናምጣ? የቤቱ ባለቤት ወንድም ከአሮጌ መዳብ ላሜራ በመቀስ ቆርጦ፣ በሞረድ ጠርዙን አስተካክሎ ሠራልን። ሲያዩት ያምራል። ገጠምነው፣ አበራነው፣ ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያው ጽሑፍ ብቅ አለ፣ ከዚያ ጠፋ። ሽታው ግን አልጠፋም። የዚያ ዘመን አትሎን ዛሬ እንዳለው ራሱን ቀዝቀዝ የሚያደርግ መላ አልነበረውም። ስናወርደው ሰሌዳው ላይ የሂትሲንኩ ምልክት አለ፣ ቺፑ ላይ ግን ፔስቱ፣ ማለትም ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት፣ እንደቀባነው ነው፣ ምንም አልነካውም። ማዕዘኑ እንዳይሰበር ብለን ሙሉውን ጠበስነው። ሒሳቡ ከደሞዜ ላይ ተቆረጠ፣ ያንንም አልረሳሁትም።

ከዚያ ሺም የሚባል ነገር ከሰው አፍ ጠፋ፣ ምክንያቱም ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ቺፑን አለበሱት። ኢንቴል በፈረንጆቹ 2000 ከፔንቲየም 4 ጋር፣ ኤኤምዲ በ2003 ከአትሎን 64 ጋር የብረት ክዳን አመጡ። ክዳን ካለ ማዕዘን አይሰበርም።

ታዲያ ለምን ተመልሼ ሺም ፍለጋ ገባሁ? ያጎነበሰውን ሂትሲንክ ሳይ የ97ቱ ትዝ ስላለኝ ነው። ከስር የሚደግፈው ነገር ይኑር ብዬ አሰብኩ። እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። እሱ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛ፣ ኤልጂኤ1700 ሌላ ዓይነት ሕመም አለው። ሁለተኛ፣ ሮንዴላ (ብሎን ስር የምትገባ ቀዳዳ ያላት ክብ ብረት) አስገባበት አለኝ።

ሕመሙ እውነት ነው። ሶኬቱ በፈረንጆቹ 2021 መጨረሻ ከኢንቴል 12ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ጋር የወጣ ነው፣ ፕሮሰሰሩም እንደ ድሮው አራት ማዕዘን እኩል ሳይሆን ረዘም ያለ ነው፣ 37.5 በ45 ሚሊ ሜትር። የሶኬቱ መቆለፊያ ክዳኑን የሚጫነው ረጃጅሞቹ ጎኖች መሃል ላይ ብቻ ነው። ረጅም ሳንቃ መሃሉን በሁለት ወገን ስትረግጡት ምን እንደሚሆን ገምቱ። መሃሉ ይሰረጉዳል። ሂትሲንኩ ደግሞ ቀጥ ያለ ነው፣ ስለዚህ ጠርዝ ጠርዙን ይነካና መሃል ላይ ክፍተት ይቀራል፣ ክፍተቱን ፔስት ይሞላዋል። እሳቱ ያለው ግን መሃል ላይ ነው።

ሂትሲንኬን ሳወርድ በዓይኔ አየሁት። ክዳኑ ጠርዝ ላይ ፔስቱ ተገፍቶ አልቆ ብረቱ ያበራል። መሃል ላይ ግን ዳቦ ላይ እንደተቀባ ቅቤ ወፍሮ ተቀምጧል። የድሮው ሺማችን ያደረገው ነገር በትንሹ ማለት ነው። ልቤ ስንጥቅ አለ።

ሮንዴላው ከሜዳ የመጣ ሐሳብ አይደለም። በ2022 መጀመሪያ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች በመቆለፊያው አራት ብሎኖች ስር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሮንዴላ እያስገቡ ጫናውን ሲያላሉ ነበር። ጓደኛዬ ከአንድ ጥቅል አራት ሮንዴላ አውጥቶ ሰጠኝ። የ97ቱ ባይኖር ኖሮ ያኔውኑ ገጥሜው ነበር። እኔ ግን ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለ ቶርኖው ጋሼ ካሊፐራቸውን አውጥተው ለኩልኝ። አንዱ 0.9፣ አንዱ 1.0፣ አንዱ 1.1፣ አንዱ ደግሞ በአንድ ወገኑ 1.0 በሌላው 0.95። ከአንድ ጥቅል ነው የወጡት እኮ! «ልጄ፣ ሮንዴላ የተሠራው ለበር ማጠፊያ ነው» አሉኝ። እኔ የምፈልገው ጫናው እኩል እንዲሆን ነው፣ እነዚህ ደግሞ በአራት ማዕዘን አራት ዓይነት ጫና ሊሰጡኝ ነው። ለእሳቸው ሻይ ጋብዤ ተመለስኩ። ጓደኛዬ አኩርፎ ሦስት ቀን ስልክ አላነሳልኝም።

ክፈፉን ያዘዝኩት ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ። ስም ያላቸውም አሉ፣ ተርማል ግሪዝሊ እና ተርማልራይት ይሠሩታል፤ የእኔ ግን ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ያልለቀቀው ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ውስጡ ክፈፉ፣ የኤል ቅርጽ ያለው ቁልፍና እንደ መርፌ ጫፍ የምታህል ፔስት አለ። መመሪያው የስዕል ወረቀት ነው፣ ስዕሎቹ ከቴምብር ያንሳሉ። ለዚያ አንድ ነጥብ ቀንሻለሁ።

አሠራሩ ላይ ግን ነጥብ አልቀንስም። ቶርኖ ቤት ወስጄ አስለካሁት፣ አራቱም ጎን እኩል ነው። ጠርዙ ላይ ሸካራነት የለም። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት በኩል ስስ ጥቁር መከላከያ ተለጥፎበታል፣ ያ ቀላል ነገር አይደለም፣ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የድሮዎቹ የመዳብ ሺሞችም አንዱ ጣጣቸው ይኸው ነበር፣ አትሎን ላይ ከቺፑ አጠገብ ያሉትን ጥቃቅን መስመሮች ከነኩ ያገናኟቸዋል።

አገጣጠሙ ልብ ይፈልጋል። ሂትሲንኩን ታወርዳላችሁ፣ ፔስቱን ትጠርጋላችሁ። የመቆለፊያው አራት ብሎኖች ኮከብ ጭንቅላት ያላቸው ናቸው፣ ቲ20 ቁልፍ ይፈልጋሉ። እነሱ ሲፈቱ መቆለፊያው በሙሉ ተነስቶ ይወጣል፣ ከኋላ ያለው ሳህን እንዳይወድቅ በሌላ እጃችሁ ያዙት። አሁን ፕሮሰሰሩ በ1,700 ቀጫጭን የሶኬት ጥርሶች ላይ ማንም ሳይዘው ተቀምጧል። እዚህ ላይ ስልክ አይነሳም፣ ማስነጠስም የለም። እኔ ልጄን ከክፍል አስወጥቼ በሩን ቆልፌ ነው የሠራሁት። ክፈፉን በቀስታ ከላይ ታስቀምጡና ብሎኖቹን በሰያፍ ታጠብቃላችሁ፦ አንዱን ሩብ ዙር፣ ከዚያ ትይዩውን ሩብ ዙር፣ እንደ መኪና ጎማ። ቁልፉን በአጭሩ ክንድ ያዙት፣ በሁለት ጣት። ትንሽ እምቢ ሲላችሁ በቃ።

እኔ በቃ አላልኩም። ሁለት ብሎን ላይ ጉልበት ጨመርኩ። አበራሁት፣ ተነሳ፣ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ሜሞሪው 32 መሆኑ ቀርቶ 16 ጊጋ ነው ይላል። አንዱ ራም ጠፋ! ራሙን አወጣሁ፣ በላጲስ ጠረግሁ፣ ቦታ ቀያየርኩ፣ ምንም። ለካ ፕሮሰሰሩ በአንድ ወገን በዝቶ ሲጫን በሌላ ወገን አንዳንድ የሶኬት ጥርሶች በደንብ አይነኩም፣ የሜሞሪው መስመር በእነዚያ ጥርሶች በኩል ነው የሚያልፈው። አራቱንም አላልቼ እንደገና በሁለት ጣት አጠበቅሁ። 32 ሆኖ ተመለሰ። ራም ጠፋብኝ ብላችሁ አዲስ ራም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

አሁን ቁጥሮቹ። ተንጠልጥሎ ሲመጣ 100። የሂትሲንኩን ብሎን ብቻ በወጉ ሳጠብቅና ፔስት ስቀይር፣ ከተለመደው መቆለፊያ ጋር፣ ያው የሰርግ ፋይል ግማሽ ሰዓት ሲሠራ 92። ክፈፉ ከገባ በኋላ 86። ማለትም ትልቁን ለውጥ ያመጣው በነፃ ያጠበቅሁት ብሎን ነው፣ ቀሪዋን 6 ዲግሪ ነው በ1,900 ብር የገዛሁት። ፋኑ ግን ድምፁን ቀንሷል፣ እሱን በጆሮዬ አውቀዋለሁ። ከሳምንት በኋላ ለማየት ብዬ ሂትሲንኩን አንስቼ ነበር፤ ፔስቱ ከዳር እስከ ዳር እንደ ስስ እንጀራ እኩል ተዘርግቷል። እሱን ሳይ ብሩ አልቆጨኝም።

አየሩንም ነገር ላንሳ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋኑ ያው ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስስ ነው። ስለዚህ ውጭ አገር የሚለኩትን ቁጥር እዚህ አትጠብቁ። በሌላ በኩል የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ክፍሌ ራሱ ፍሪጅ ነው። ኮምቦልቻ ያለው ባልደረባዬ ተመሳሳይ ማሽን አለው፣ እዚያ ታች አየሩ ይወፍራል፣ ግን ይሞቃል። ቦርከና ወንዝ አጠገብ ባለችው ቢሮው ውስጥ በግንቦት ቀትር 97 ሲያሳየው አይቻለሁ። ክፈፍ ከእኔ ይልቅ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፦ ከባድ ሂትሲንክን ይደግፋል? አይደግፍም። የድሮው ሺም የሂትሲንኩን ዝንባሌ ይቀበል ነበር፣ ይህ ግን ፕሮሰሰሩን በሶኬቱ ውስጥ እኩል ከመያዝ ውጭ ሥራ የለውም። የሂትሲንኩ ክብደት በሙሉ የሚንጠለጠለው በማዘርቦርዱ ቀዳዳ አልፈው ከኋላ ሳህን ላይ በሚታሰሩት ብሎኖች ላይ ነው። የኖክቱዋ ኩባንያን ኤንኤች ዲ15 ሂትሲንክ ብትወስዱ ከነፋኑ 1,320 ግራም ነው። ያን ያህል ነገር ጎኑን ሰቅላችሁ ሐረጎን ብትወጡ የትኛውም ክፈፍ አያድናችሁም። መድኃኒቱ ሌላ ነው፦ ማሽን በመኪና ከተላከ ሂትሲንኩ ወርዶ ለብቻው ይታሸግ፣ ካልሆነ ኬዙ ማዘርቦርዱ ከታች ሂትሲንኩ ከላይ እንዲሆን በጎኑ ይተኛ። ይህን ለላኪው በስልክ ንገሩት፣ ካርቶኑ ላይም በትልቁ ጻፉ፣ ለረዳቱም ሃምሳ ብር ስጡት።

የማቀዝቀዣ ሠሪዎቹም ስለ ክዳኑ መሰርጎድ ያውቃሉ። ኖክቱዋ በፈረንጆቹ 2024 ያወጣው ዲ15 ጂ2 በሦስት ዓይነት ነው የሚሸጠው፣ ልዩነቱ የስሩ ጉብታ ነው። ጉብታው የበዛው በተለመደው መቆለፊያ ለሰረጎደ ፕሮሰሰር፣ ጠፍጣፋው ደግሞ ክፈፍ ላለው ነው። ክፈፍ ካላችሁና አዲስ ሂትሲንክ ልትገዙ ከሆነ ይህን አታምታቱ።

ማን ይግዛው? 12ኛ፣ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ ባለ ኬ (ስሙ ላይ ኬ ያለበት) የኢንቴል ፕሮሰሰር ኖሮት ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ወይም ሥዕል የሚሠራ። ቃላት የሚተይብና ፊልም የሚያይ አይግዛው፣ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ለኤኤምዲው ኤኤም5 ሶኬት የሚሸጠውም ተመሳሳይ የሚመስል ክፈፍ አለ፣ ግን የእሱ ዋና ሥራ ፔስት ወደ ክዳኑ ጎን ክፍተቶች እንዳይገባ መከላከል ነው፣ ዲግሪ አትጠብቁበት። የዋስትና ነገርም አለ፦ ኢንቴል መቆለፊያውን መቀየር ዋስትና ሊያሳጣ ይችላል ይላል። እኔ ፕሮሰሰሬን ያለ ሳጥኑ ነው የገዛሁት፣ ዋስትናዬ የሻጩ ፈገግታ ነበር። እናንተ ወረቀት ካላችሁ ግን አስቡበት። የወጣውን መቆለፊያና አራቱን ብሎኖች አትጣሉ፣ እኔ የሲዲ መያዣ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ።

ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። የቀነስኩት ለመመሪያው ነው። የፒያሳው ጓደኛዬ አኩርፎ ቆይቶ ባለፈው ቅዳሜ መጥቶ ቁጥሩን በዓይኑ አየ፣ ምንም አልተናገረም፣ ሲወጣ ግን ቲ20 ቁልፌን በኪሱ ይዞ ሄዷል። የኮምቦልቻው ባልደረባዬ ክፈፉን አዝዟል፤ ቁልፉን ከእኔ ሊዋስ ነበር፣ አሁን ፒያሳ ሄዶ ይጠይቅ።